ሦስተኛው ቅጂ

ከፍርድ ቤቱ አጥር፣ ከጥቁሩ በር ጎን፣
ጥላዬን ዘርግቼ እጽፋለሁ የሰውን።
የሰውን እላለሁ፦ በደሉን፣ ክሱን፣
መሬቱን፣ ፍቺውን፣ የታገደ ደሞዙን።
ክረምቱ ሲመጣ ጠረጴዛ እስባለሁ፣
በጋ ሲሆን ደግሞ ጥላ እከተላለሁ።

ማክሰኞ ጧት አንዱ መጣ እያነከሰ፣
በኖራ የነጣ ሱሪ የለበሰ።
አዛናው ይባላል፤ ልስን ነው ሥራው፤
ማራኪ ከሚቆመው ሆቴል፣ ከሦስተኛው
ፎቅ መወጣጫ ላይ ባሕር ዛፉ ከዳው፤
ሲወርድ አናቱን ድንጋይ ተቀበለው።
የሕክምና ብሎ ቢሮ ሲያንኳኳ
የፈረመው ውል አለ፣ አያውቀውም ለካ፦
«ተቀባይ በዚህ ውል ራሱን የቻለ
ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ቅጥር የሚል የለ፤
ለሚደርስበትም ኃላፊው ራሱ ነው።»
ፊርማው የእሱ ነበር፤ ቃሉ ግን የማነው?

ራሱን የቻለ! እስቲ እዩት ይህን ራስ፣
በፋሻ ታስሮ፣ አብጦ እስከ ጆሮ ድረስ።
አንገቱ ያልቻለውን ቻለለት ወረቀት።
ስቄ ልናገር አልኩ፤ አፈርኩና ተውኩት።

«እሺ፣ ተቀመጥ» አልኩት፤ «ቱንቢው የማን ነው?
መወጣጫው፣ ኖራው፣ አካፋ ባሬላው?»
«የነሱ።» «ማንኪያውስ?» «እሷማ የኔ ናት፤
የአባቴ ነበረች፤ እጀታ ብቻ ነው የቀየርኩላት።»
«መቼ ትገባለህ?» «አንድ ተኩል ሲል
ፎርማኑ ስም ይጠራል፤ ላረፈደ ግማሽ ቀን ይቆረጣል።»
«ቢያምህ በአንተ ፈንታ ወንድምህ ይገባል?»
ሳቀ። «እንኳን ወንድም፣ የራስ ጥላ ይባረራል!»
«ቶሎ ብትጨርስ ምን ታገኛለህ?»
«ሌላ ግድግዳ።»
«ስንት ጊዜህ እዚያ?» «ለመስቀል ሦስት ዓመት።»
«ሌላስ ቤት ሠርተሃል?» «በየት ጊዜ ጋሼ፣
እሑድም እዚያው ነኝ።»

ይህ ነው ልዩነቱ፤ በስም አይለካም፤
በሬን ላም ቢሉት ጋጥ ገብቶ አይታለብም።
(የፋሲልን ግንብ የለሰኑትንስ ማን ጠየቃቸው፣
ቋሚ ነበረ ወይስ ኮንትራት ስማቸው?
ግንቡ ዛሬም አለ፤ ስማቸውን ኖራው ዋጠው።)

ራሱን የቻለ እኔን ነው መባል ያለበት።
ጥላው የኔ፣ ብዕሩ የኔ፣ የኔው ሰዓት፤
ዋጋ እኔው ቆርጬ፣ ሲከፋኝ ዘግቼ
ቃሃን ተሻግሬ እሄዳለሁ ትቼ።
ደግሞ ባለፈው ነሐሴ፣ ወባ ሲጥለኝ፣
አንድ ሰው «ደሞዝህ» ብሎ አልመጣልኝ።
ክስ እንዳልመሠርት፣ ማንን ልከሰው?
ነፃነት ብርድ አለው፤ ያውቀዋል የለበሰው።
አዛናው ግን ብርዱን ብቻ ነው የሰጡት፤
ነፃነቱን እዚያው፣ መዝገብ ውስጥ ተዉት።

ረቂቁን ሰጠኋት፤ አስናቁ ጀመረች፣
እየተየበችም ጮክ ብላ አነበበች፦
«በአሠሪው መሣሪያ፣ በአሠሪው ሰዓት፣
በአሠሪው ትእዛዝ…»
ቆም አሉ ጣቶቿ።

አራት ዓመቷ ነው። በገጽ እከፍላታለሁ።
ሁለት ሰዓት ግቢ፣ ምሳሽን ፍጠኚ፣ እላታለሁ።
ላፕቶፑ የኔ ነው። የተቀመጠችበት ጀሪካንም የኔ።
ወልዳ አርባ ቀን ስትቀር ቤሳ አልሰጠኋትም፤
«የግል ሥራሽ ነው» አልኩ፤ እሷም አልመለሰችም።

ከአዘዞ የመጣ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋ።
አንድ የመሬት ባለጉዳይ ወረፋ ሊይዝ ተጋፋ።
ጣቶቿ ተመለሱ፤ እስከ ነጥቡ ጨረሰች፣
ቀና ብላም ሳታየኝ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦
«ስንት ቅጂ ላውጣ?»
«ሁለት ይበቃናል፤
አንዱ ለችሎቱ፣ አንዱ ከእሱ ይቀራል።»

አዛናው ኪሱን ሲዳብስ «ተወው» አልኩት፤
የማን ገጽ እንደሆነ እኔም ገና አላወቅሁት።

ማተሚያው ሦስት ጊዜ ጮኸ።
ሦስተኛውን ቅጂ
በጥንቃቄ፣ በአራት አጥፋ፣
ከቦርሳዋ ከተተች።